የባለ አረንጓዴ ቆቡ ዝውውር

ክልሉ ገና ድክ ድክ በሚልበት ዘመን፣ የመሥሪያ ቤቶች ሰሌዳ ቀለሙ ሳይደርቅ፣ አሶሳ ውስጥ ስሙን በማናነሣው አንድ ቢሮ በዝውውር ታሪክ አቻ የሌለው ሥራ ተሠርቷል። ተዛዋሪው ባለ አረንጓዴ ቆብ ነው። ሰው አይደለም፤ በአሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ የሚኖር የጨዋታ ጀግና ነው። የጠፋ ዘውድ ፍለጋ ከግንብ ግንብ ይዞራል፣ በመንገዱ ያገኘውንም ሁሉ ኪሱ ይከታል።

የቢሮው ኃላፊ አቶ ገላው ይህን ጀግና ለዓመታት በትጋት መርተውታል። ጠዋት ይገባሉ፣ በራቸውን ይዘጋሉ። ባለጉዳይ ሲመጣ ጸሐፊያቸው አረጋሽ «ድርድር ላይ ናቸው» ትላለች። አልዋሸችም፤ በዚያ ሰዓት አቶ ገላው ከአንድ ዘንዶ ጋር ይደራደሩ ነበር።

ክፉ ቀን የመጣው በጭነት መኪና ከአዲስ አበባ፣ ከአዳዲስ ኮምፒውተሮች ጋር ነው። አዲሱ ማሽን የዱሮውን ጨዋታ አላውቅህም አለው። አቶ ገላው ሥራ ፈቱ፤ ሥራ ሲፈቱ ደግሞ ሥራ መጠየቅ ጀመሩ። የወሩ ሪፖርት የት ደረሰ አሉ። የመስክ ዕቅድ አምጡ አሉ። ቢሮው ተሸበረ፤ ሠራተኛው ተያይዞ ወደ ትህትና ሮጠ።

ትህትና የኮምፒውተር ባለሙያዋ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ የተመደበች፣ ድምጿ ከወረቀት ኮሽታ የማይበልጥ ልጅ። እናቷ ማንቡክ ብቻቸውን ናቸው፤ ዓይናቸው እየደከመ ነው። ማንቡክ እዚሁ ክልል ውስጥ ነው፤ ብቻ ዓባይ መሐል ገብቶ፣ የገዛ ክልልን ለመጎብኘት በአዲስ አበባ መዞር ግድ ነው። የዝውውር ጥያቄዋ አቶ ገላው ጠረጴዛ ላይ፣ የሻይ ብርጭቆ ሥር፣ ሁለት ክረምት ከርሟል።

«ይሄን ሰውዬ ወደ አዲሱ አዛውሪልኝ» አሏት አቶ ገላው ባለ ቆቡን እያሳዩ።

«የእኔስ ዝውውር፣ ጋሽ ገላው?» አለች ጫማዋን እያየች።

«እሱ ይሻገር እንጂ ያንቺማ ምን አላት።»

ትህትና አዲስ አበባ ላለች የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ደወለች፤ ጓደኛዋም ምትክ ፕሮግራም በሲዲ ላከችላት። ይህ ፕሮግራም ጨዋታውን አይነካም። የዱሮው ማሽን ይሠራ የነበረውን እሱ እየሠራ፣ ጨዋታው ዘመን መለወጡን ሳይሰማ እንደ ወትሮው እንዲቀጥል ያደርጋል። ለቢሮው እንግዳ አሠራር አልነበረም፤ ሰሌዳው ሲቀየርም የሆነው ይኸው ነው።

ሆኖም በመንግሥት ቤት ያለ ርክክብ የሚሻገር የለም። አቶ ገላው ኮሚቴ አቋቋሙ። የንብረት ክፍሉ ማህጁብ፣ የመንጌ ወረዳ ሰው፣ ስክሪኑ ፊት ተቀምጦ የጀግናውን ኪስ ቆጠራ ያዘ።

«ገመድ?»

«አለ» አለች አረጋሽ።

«ፋኖስ?»

«አለ። ጋዝ የለውም።»

«የደረቀ ዓሣ?»

«አለ። አላቂ ነው ቋሚ ንብረት?»

ማህጁብ አሰበ። «እስከ ዛሬ ካልበሰበሰ ቋሚ ነው።» ከዚያ ወደ ትህትና ዘንበል አለ። በማህጁብ አማርኛ ሰው ሁሉ ወንድ ነው። «አንተ ግን ለዚህ ነው የተማርከው?»

«ለእናቴ ነው» አለች።

ባለ ቆቡ ከነዓሣው በአንድ ከሰዓት ተዛወረ። አቶ ገላው በጭብጨባ መሐል ተነሥተው «ለለውጥ ራሱን ያዘጋጀ፣ ከነሙሉ ንብረቱ ይሻገራል» የሚል፣ ብዙዎች የተመሰጡበት ንግግር አደረጉ። ሰዉ ሲበተን ትህትና ቢሯቸው ገባች።

«ያንቺን እንኳ አስቤበት ነበር» አሉ ዓይናቸውን ከዘንዶው ሳይነቅሉ። «ግን ይሄ ነገር ነገ ቢቆም ማን ያስነሣልኛል? አንቺ ለቢሮው ምትክ የለሽም።» ብርጭቆውን አነሡ፣ ሻዩን ፉት አሉ፣ እዚያው ጥያቄዋ ላይ መለሱት።

«ለጨዋታው ምትክ አመጣሽ፣ ለራስሽ ረሳሽ» አለቻት አረጋሽ በሩ ላይ። ትህትና ፈገግ አለች። እራቷን ግን አልበላችም።

ዓመቱ ሳያልቅ ግምገማ መጣ። አቶ ገላው ተመስግነው ተመስግነው፣ ልምዳቸውን ለታች ያካፍሉ ዘንድ ወደ ማንቡክ ተመደቡ። ምደባውን በጸጋ ተቀበሉ፤ አንዲት ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ኮምፒውተሬን ይዤ ነው የምሄድ።»

«ይያዙ» አሉ የበላዮቹ።

«የምታስነሣው ልጅስ?»

እሳቸው የሚሄዱበትን ቀን በጉጉት የሚጠብቁት የበላዮች ነገሩን መረመሩት። የሰው ዝውውር ኮሚቴ አለው፣ ኮታ አለው፣ ተራ አለው። የዕቃ ዝውውር ግን በዕለቱ ያልቃል። ስለዚህ ማህጁብ ጭነቱ ላይ ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠራ፦

«ኮምፒውተር አንድ። ኪቦርድ አንድ። ማውስ አንድ። ትህትና አንድ።»

«አላቂ ነኝ ቋሚ፣ ጋሽ ማህጁብ?»

«መለዋወጫ» አለ፣ ሻንጣዋን እየጫነላት። «አላህ ያድርስህ።»

ማንቡክ ሲደርሱ እናቷ ፊቷን በእጃቸው ዳበሱ፤ መክሳቷን አወቁ። ከዚያ አስቀምጠው ጠየቋት። «ሁለት ክረምት እምቢ ሲሉሽ ኖረው፣ አሁን ምን ታያቸው?»

«ሰው ሆኜ አልመጣሁም፣ እማዬ። ከዕቃ ጋር ተመዝግቤ ነው።»



«እንኳንም ዕቃ አደረጉሽ» አሉ እናቷ። «ሰው ብለውሽ ቢሆን እስካሁን አሶሳ ነበርሽ።»