የአየር ላይ አክሮባት ሕግ፣ አንቀጽ ሰባት

ሕግ ማውጣት ደስ ይላል። ካላመናችሁኝ አንድ ቀን ሞክሩት። ነጭ ወረቀት ዘርግታችሁ «አንቀጽ አንድ» ብላችሁ ስትጽፉ ትከሻችሁ ሳታውቁት ሰፋ ይላል፣ ድምፃችሁም ወፈር ይላል፤ ቤት ስትገቡ ልጆቻችሁ እንኳ ቶሎ ይነሱላችኋል። ችግሩ የሚመጣው ሕጉ እንደ ማንኛውም ልጅ አድጎ ወላጁን መጠየቅ ሲጀምር ነው። «ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው፣ የሚገባበት አይታወቅም» ያሉት ቆፋሪውን ራሱን አስበው ይመስለኛል። እኔ የማስኩት ጉድጓድ ግን ሰማይ ላይ ነበር።

ጊዜው ጋምቤላ ክልል በሆነች ማግስት ነው። ያን ሰሞን ከተማችን ውስጥ መመሪያ የማያረቅ ሰው አልነበረም። ቢሮ በየሳምንቱ ይወለዳል። ወንበር መጣ፣ ጠረጴዛ መጣ፣ ማኅተም መጣ፤ የጠፋው ማስቀመጫ ክፍል ነበር። ስለዚህ ባዶ የመሰለ ክፍል ሁሉ በዓይን ይለካ ጀመር፤ እኔ ፊዚክስ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ጀርባ ያለችው የቆርቆሮ ክፍልም ተለካች።

ይቺ ክፍል የሞዴል አውሮፕላን ክበባችን ነበረች። እኔ፣ ልንገራችሁ፣ በወጣትነቴ አብራሪ ልሆን ተፈትኜ በዓይኔ የወደቅኩ ሰው ነኝ። ሐኪሙ «ግድግዳው ላይ ያለውን የመጨረሻ መስመር አንብብ» ሲለኝ «የቱ ግድግዳ ላይ?» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ሰማይን የማገኘው በዚያች ክፍል በኩል ብቻ ነው። የእጅ ሥራ መምህሩ ኦሞድ ከረግረጉ በታንኳ የሚያመጣልን እንጨት አለ፤ ጭን የሚያህለው ግንድ በሁለት ጣት ይነሳል። እሱን ጠርበን፣ ክንፍና ጭራ አበጅተን፣ የብስክሌት ጎማ ላስቲክ በታሰረበት ባላ እንወነጭፈዋለን። ጭራውን ቀና ካደረጋችሁት አየር ላይ ክብ ይዞራል፤ ክንፉን ካጣመማችሁት ይንከባለላል። የኒውተንን ሕግ ስጽፍላቸው የሚያንቀላፉ ተማሪዎቼ እዚያች ክፍል ገብተው ምሳቸውን ይረሱ ነበር። ክፍሏን እወዳት ነበር፤ ምን አዞረኝ።

አንድ ቀን አዲሱ የቢሮ ኃላፊ መጡ።

«ይህ ክፍል ምን ይሠራል?»

«አውሮፕላን» አልኩ።

ጣሪያውን አዩ፤ ጥግ ጥጉን አዩ። «ዋንጫችሁስ የታል? የእግር ኳስ ክበቡ ዋንጫ አለው፤ ክፍልም አለው። ዋንጫ የሌለው ክበብ ማንጎ ሥር ቢሰበሰብ ምን ይሆናል? እስከ ሰኔ ዋንጫ ካሳያችሁኝ ክፍሉ የእናንተ ነው። ያለዚያ ለቢሮ እፈልገዋለሁ፣ መምህር።»

ክፉ ሰው አልነበሩም። እሳቸው ራሳቸው ያን ሰሞን ደብዳቤ የሚፈርሙት የቆመ መኪና ኮፈን ላይ ነበር።

ዋንጫ ለማግኘት ውድድር ያስፈልጋል። እኔ ደግሞ የሞዴል አውሮፕላን ውድድር የሚያዘጋጅ ሰው በአገሩ መኖሩን አላውቅም። እልህ ያዘኝ። የሌለ ውድድር ማሸነፍ ካልተቻለ ውድድሩን ራሴ እወልደዋለሁ አልኩ። የትምህርት ቤት ውድድር ብዬ ማመልከቻ ስጽፍ «ወረዳውን ጠይቅ» ተባልኩ። የወረዳ ብዬ ስጽፍ «ይህ የክልል ጉዳይ ነው» አሉኝ። የክልል ብዬ ስጽፍ መመሪያው ገና አልወጣም። በአራተኛው ቀን ከንዴቴ ብዛት «ዓለም አቀፍ» ብዬ ጻፍኩ። እሱን የሚከለክል መመሪያ አልነበረም። ማኅተሙ ዱብ አለ።

እንግዲህ ዓለምን መፈለግ ነው። ዓለም ደግሞ ሩቅ አልነበረም። ፉኝዶ የስደተኞች ሰፈር ውስጥ ሒሳብ የሚያስተምር ቾል የሚባል ሱዳናዊ አለ፤ ከዘይት ካርቶን የሚሠራው አውሮፕላን እስከኛ ድረስ ወሬው ደርሷል። ደብዳቤ ላክሁለት፤ «እመጣለሁ። ዋንጫ ማስቀመጫ ሣጥን ልያዝ ወይስ እናንተ አላችሁ?» ብሎ መለሰልኝ። ጥሩ ጀመርን። የእርዳታ እህል የሚያመላልስ አንድ ፈረንጅ አብራሪም ነበር፤ በወጣትነቱ በእውነተኛ አውሮፕላን አክሮባት ተወዳድሯል። ቦርሳው ውስጥ ያቆየውን የነጥብ መስጫ ወረቀት አወጣልኝ። ለካ ሰማይም አጥር አለው! ለተወዳዳሪው በዓይን የማይታይ ሣጥን አየር ላይ ይከለልለታል፤ ከሣጥኑ ከወጣ ነጥብ ይቀነሳል፤ ክቡ ከተንጋደደ ይቀነሳል። ሌሊቱን ሙሉ ወረቀቱን አቅፌ ባድር አትፍረዱብኝ።

ሕጉን መጻፍ ጀመርኩ። ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ ሦስት ውርወራ፤ በመጀመሪያው ክብ መዞር፣ በሁለተኛው መንከባለል፣ በሦስተኛው ሁለቱንም አድርጎ በገመድ በተከበበው ቦታ ማረፍ። አንቀጽ ሦስት ላይ ስደርስ አስተዳደጌ መጣብኝና «በየዙሩ እንግዳ ይቀድማል» ብዬ ጨመርኩ። ለሜዳው ደግሞ ወደ አባባ ጋትሉዋክ ሄድኩ፤ ባሮ ዳር ያለው ሰፊ ሣር የሳቸውና የከብቶቻቸው ነው።

«ሜዳ ውሰድ፣ ችግር የለም» አሉኝ። «ላም ግን አይደነግጥ። ላም ከደነገጠ ወተት እምቢ ይላል። እሱን ጻፍ።»

ጻፍኩ። አንቀጽ ሰባት፦ ከብት የነካ ወይም ያስደነገጠ አውሮፕላን ለዚያ ውርወራ ዜሮ ያገኛል። አባባ በአውራ ጣታቸው ፈረሙ፤ ከአብራሪውና ከኦሞድ ጋር ሦስተኛ ዳኛ አድርጌም ሾምኳቸው።

የቀረው ሰዓቱ ነበር። ይህን እንኳ ለፊዚክስ መምህር ተዉለት! የጋምቤላ መሬት እኩለ ቀን ላይ አየሩን ሽቅብ ይተፋዋል፤ የወረወራችሁት ቀላል ነገር ሁሉ ያለ ወረቀት ድንበር ይሻገራል። ሦስት ቀን ሜዳው ጫፍ ላይ ጨርቅ ሰቅዬ፣ ሰዓቴን ይዤ፣ ነፋሱን ለካሁ። ጨርቁ ጸጥ የሚለው ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ለኦሞድም ለአባባም ነገርኳቸው። ተያዩና «እሺ ቲቸር» አሉ። የዚያን መተያየት ትርጉም ያኔ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ይህን ወግ አታነቡትም ነበር።

ኢትዮጵያን ማን ይወክል? ተማሪዎቼ ተማክረው መጡና «አንተ ወርውር» አሉኝ። ክፍላቸውን በገዛ እጃቸው ማጣት አልፈለጉም። እንዲህ አድርጌ አወዳዳሪም ተወዳዳሪም ሆንኩ። ሰው እንዳያማኝ ሕጉን ሦስት ጊዜ ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ «አዘጋጁም ቢሆን አይማርም!» ብዬ ስጨምር ሜዳው በጭብጨባ ተናወጠ። ጭብጨባ መጥፎ ነገር ነው።

ውድድሩ ተጀመረ። በመጀመሪያው ውርወራ የቾል ካርቶን ጥርት ያለ ክብ ሠራ፤ የእኔም ሠራች። በሁለተኛው የሱ ከሣጥኑ ወጣ አለ፤ የእኔ አልወጣችም። በአንድ ነጥብ ተኩል መራሁ። በሦስተኛው እንግዳው ቀደመ፦ ዞረ፣ ተንከባለለ፣ ገመዱ ጥግ ላይ በክንፉ ተደፋ። ደህና ነጥብ ነው። እኔ ግን ዝም ብዬ ገመዱ ውስጥ ካረፍኩ ዋንጫው የኛ ነው። ላስቲኩን እስከ ጆሮዬ ሳብኩና ለቀቅኩት።

ወገኖቼ፣ እንደዚያ የበረረ ነገር በሕይወቴ አላየሁም። ዞረች፤ ክቡ እንደ ሰፌድ ነበር። ተንከባለለች። ከዚያም ክንፏን አስተካክላ ቁልቁል ወደ ገመዱ ተንሳፈፈች። ዓይኔ እንባ ሞላ። ያን ጊዜ ከጀርባችን ደወል ሰማሁ።

አሥራ አንድ ሰዓት ከብት ከግጦሽ የሚመለስበት ሰዓት ነው። መንገዱም በሜዳው መሐል ነው። ይህን ጋምቤላ ውስጥ የማያውቅ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ሦስት ቀን ሙሉ አንጋጦ ጨርቅ ሲያይ የከረመው። ቀንዱ ሰማይ የነካ ነጭ በሬ ገመዱን ተራምዶ ገባ። አውሮፕላኔ ሁለቱ ቀንዶቹ መሐል፣ ግንባሩ ላይ፣ በክብር አረፈች። በሬው ዘለለ። ላሞቹ ተበተኑ።

«ለምን አልነገራችሁኝም?» አልኩት ኦሞድን።

«ቲቸር፣ አንተ እኮ ሦስት ቀን እዚህ ቆመህ ለካህ። አውቀህ ነው ብለን ነው።»

አብራሪው እጁን አወጣና፣ ሣጥኑ ውስጥ የገባው በሬው ስለሆነ ውርወራው ይደገም አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እውነቱን ልናገር፣ ፈለግኩ። «ይደገም» የምትለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። ተማሪዎቼን አየኋቸው። አባባ ጋትሉዋክ ግን በቀስታ እንዲህ አሉ፦

«ቲቸር፣ በሬ ጥፋት የለውም። ሰዓቱ የሱ ነው።»

እስክሪብቶዬን አወጣሁና በገዛ እጄ፣ ከገዛ ስሜ ፊት ለፊት፣ ዜሮ ጻፍኩ። ክብ ነበር፤ እሱ እንኳ አልተንጋደደም።

ኃላፊው ዋንጫውን ሊሸልሙ ቆሙ። ንግግራቸው አስቀድሞ በታይፕ ተጽፎ ነበር፤ «ዋንጫው በክልላችን በመቅረቱ የተሰማኝን...» ብለው ጀመሩና ወረቀቱን አጠፉት። ቾል ኦሞድ ከዋንዛ የጠረበውን ዋንጫ በብብቱ ሸጉጦ፣ እጄን አጥብቆ ጨብጦ፣ ወደ ፉኝዶ በሚሄደው የጭነት መኪና ላይ ወጣ።

ሰኞ ጠዋት መጋዞቻችንን ተሸክመን ወደ ማንጎው ስንጓዝ ኃላፊው መንገድ ላይ አገኙን።

«ወዴት ነው?»

«ዋንጫ የለንም። ክፍሉን እየለቀቅን ነው።»

«ዋንጫችን ውጭ አገር ሄዶ እናንተ ክፍል ትለቃላችሁ?» ፊታቸው ቀላ። «ክልሉ በተቋቋመ ማግስት! በፍጹም! ተመለሱ፣ ሥሩ!»

ፉኝዶ ራሱ የክልላችን መሬት መሆኑ አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት። ከሰዓት በኋላ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ደረሰን፦ «ወደ ውጭ የወጣው ዋንጫ እስኪመለስ ድረስ ክፍሉ በክበቡ ይዞታ ሥር ይቆይ።» ማታ ብቻዬን ስሆን ደግሜ አነበብኩት። እስኪመለስ ድረስ። ሲመለስስ?

በዓመቱ ሁለተኛውን ሻምፒዮና ለማዘጋጀት ተነሳን። ተማሪዎቼ ከአምናው የተሻለ አውሮፕላን ሠርተዋል፤ እኔም እጄን ሳሟሽ ከርሜያለሁ። ማሸነፍ አልፈልግም ብላችሁ እንዳታሙኝ፤ እፈልጋለሁ። ክፍሏን ግን የበለጠ እፈልጋታለሁ። ሕጉን ከመሳቢያ አወጣሁ። አንቀጽ ሦስትን አየሁት፤ እንግዳ ይቀድማል፤ የአባቶች ወግ ነው፣ አይነካም። አንቀጽ ሰባትም የተፈረመበት ነው። ሰዓቱ ላይ ስደርስ አባባ ጋትሉዋክ አዘኑልኝ መሰለኝ፣ ከትከሻዬ በላይ ጎንበስ ብለው፣

«ቲቸር፣ ዘንድሮ ላም እይዛለሁ። እስከ አሥራ ሁለት ግጦሽ ላይ ይቆያል» አሉኝ።

«አይ አባባ፣ አያስቸግሯቸው» አልኩና አሥራ አንድ ሰዓት ብዬ ጻፍኩ። «ሰዓቱ የነሱ ነው።»