የጋሽ ነገሬ ናፖሊ

በየሰፈሩ አንድ ቀን ውጭ አገር ሄዶ እስካሁን ያልተመለሰ ሰው አለ። በአካል አጠገባችን ነው፤ ከእኛው ጋር ታክሲ ይሰለፋል፣ ውሃ ሲጠፋ ከእኛው ጋር ጄሪካን ይዞ ይዞራል። ወሬው ግን ገና ከአውሮፕላን አልወረደም። የእናንተ ሰፈር ሰው ምናልባት ከዱባይ አልተመለሰ ይሆናል። የእኛ የኮልፌዎቹ ክቡር ጋሽ ነገሬ ከናፖሊ አልተመለሱም።

ጋሽ ነገሬ ሶፋ ሠሪ ናቸው። የቤተክርስቲያናቸው ሽማግሌም ስለሆኑ ከዓመታት በፊት ሮም ላይ ለሚደረግ የአማኞች ጉባኤ ተላኩ። ሳምንቱን ሙሉ ተሰበሰቡ። ስለ ጉባኤው እስከ ዛሬ አንዲት ቃል አልነገሩንም። ጉባኤው ሲያልቅ ግን የዕረፍት ቀን ተሰጣቸውና በባቡር ናፖሊ የምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ሄደው ሲዞሩ ዋሉ፣ ማታውኑ ተመለሱ። በዚች አንድ ቀን ነው እንግዲህ ይሄን ሁሉ ክረምትና በጋ የተዳደርነው።

ጦር ኃይሎች ፌርማታ ታክሲ ስንጠብቅ ዝናብ ከያዘን፣ ክቡርነታቸው ዞር ብለው ናፖሊ ብንሆን ኖሮ ይሄኔ ፀሐይ እየሞቅን እንደነበር ያበስሩናል። ሰማዩ ጠርቶ ወጨጫ ተራራ ከታየ ደግሞ፣ የናፖሊውም ተራራ ይሄንኑ እንደሚያህል፣ ሆዱ ውስጥ ግን እሳት እንዳለው ይናገራሉ። ምስኪን ወጨጫ ምን ይበል? የናፖሊ ሰዎች ፌርማታና ባኞ ሲሉ በጆሯቸው ሰምተው፣ አማርኛችንን ጥሩ እየሞከሩ ነው ብለው አመስግነዋቸዋል። ተጠራጥሮ አፉን የከፈተ ሰው ካለ መልሳቸው አንድ ናት።

«በእግሬ የረገጥኩት አገር ነው።»

ከዚህ በኋላ ክርክር የለም፤ እኛ የረገጥነው ኮልፌን ነዋ። ጎረቤታችን ወርቄ ግቢዋ ቢጠባት ገመዷን ከመንገዱ ማዶ ድረስ ዘርግታ አንሶላ አሰጣችና ሰፈሩ ተነሳባት። ለሽምግልና የተጠሩት ጋሽ ነገሬ፣ ናፖሊ ውስጥ አንሶላ ከሰው ራስ በላይ እንደሚውልና ማንም ማንንም እንደማይከስ አስረድተው በነፃ አሰናበቷት። ከሳሹ እርጥብ አንሶላ ሥር ጎንበስ ብሎ ወደ ቤቱ ገባ።

ቤተክርስቲያን ውስጥም አልተረፍንም። በምስክርነት ሰዓት ጋሽ ነገሬ ከጉንፋን ስለመዳናቸው ሊያመሰግኑ ይነሳሉ፤ ጉንፋኑ ወደ ነፋስ፣ ነፋሱ ወደ ባሕር ይወስዳቸዋል። መጋቢያችን አሁን አሁን መድረኩን ሲከፍቱ ምስክርነት አጭር እንዲሆንና ባሕር እንዳይሻገር አደራ ይላሉ።

ይሄን ሁሉ የማይፈሩት ባለቤታቸው እትዬ የሺእመቤት ብቻ ናቸው። ከከተማው ዳር ከሳንሱሲ ማዶ የሄዱበት ቀን ጥቂት ነው፤ ናፖሊን ግን ከባላቸው በላይ ያውቋታል። ጋሽ ነገሬ ለእንግዳ ሲተርኩ እሳቸው የሶፋውን ጨርቅ እየሰፉ፣ ቀና እንኳን ሳይሉ «ዓሣውን ዘለልከው» ይላሉ። ጋሽ ነገሬም ወደ ኋላ ተመልሰው ዓሣውን ይበላሉ።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ እትዬ የሺእመቤት ጭቃ አዳልጧቸው ወደቁና ዳሌያቸው ተሰበረ። ቀዶ ሕክምናው ደህና ሆነ። ሐኪሙ ግን በየቀኑ ካልተራመዱ እግሩ እንደተኛ ይቀራል ብሎ አስጠነቀቀ። እሳቸው እንቢ አሉ። የጸሎት እኅቶች መጥተው ጸለዩ፣ ለመኑ፣ ተቆጡ። እኔም ተራዬን ለመንኩ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው መለሱልኝ።

«ተነሺ ትሉኛላችሁ፤ የት ልሄድ? የምሄድበት የለኝም።»

እውነቴን ነው የምለው፣ ፈራሁላቸው። ያቺ ከስፌቷ ላይ ሆና ባሏን የምታርም ሴት እንደተኛች ትቀራለች ብዬ ፈራሁ።

በዚያው ሰሞን በጋሽ ነገሬ ወሬ ውስጥ ናፖሊ መለዋወጥ ጀመረች። ድሮ ከባቡር ጣቢያው እስከ ባሕሩ አንድ መዝሙር ተዘምሮ ሳያልቅ ይደረስ ነበር፤ አሁን ግማሽ ቀን ይፈጃል ተባለ። በየመታጠፊያው ወንበር በቀለ። ባሕሩ ዳር የነበሩት ዓሣ ጠባሾች መሀል መንገድ ላይ ተገኙ። ሞባይል ጠጋኙ ዳዊ ትዕግሥቱ አለቀና ጋሽ ነገሬ ሱቅ ድረስ ሄዶ፣ ሁላችንም ባለንበት ስልኩ ላይ ካርታ ከፈተ።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ እኮ ምንም ወንበር የለም።»

ረገጥኩት ይላሉ ብለን ጠበቅን። አላሉም። ስልኩን ትንሽ አዩና «አሁን አለ» ብለው ወደ መዶሻቸው ተመለሱ። ሰፈሩ መከረ። ሚስታቸው ስትተኛ እሳቸው መዘባረቅ ጀመሩ ተባለ፤ ሄጄ በእርጋታ እንዳነጋግራቸው እኔ ተመረጥኩ።

ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። የግቢው በር ገርበብ ብሎ ነበር፤ ላንኳኳ ስል እትዬ የሺእመቤትን ቆመው አየኋቸውና እጄ አየር ላይ ቀረ። በአንድ እጃቸው ከዘራ፣ በሌላው የባላቸውን ክንድ ይዘው የበረንዳውን የሲሚንቶ ደረጃ እየወረዱ ነው። ከደረጃው እስከ ግቢው ጥግ ድረስ ጋሽ ነገሬ ጨርቅ ያላለበሷቸውን ወንበሮች ራቅ ራቅ አድርገው ደርድረዋል። ጥጉ ላይ አፉ ድረስ ውሃ የተሞላ ትልቅ ሰማያዊ ባኞ ተቀምጧል።

ባሕሩ መሆኑ ነው።

እትዬ የሺእመቤት ካንዱ ወንበር ደርሰው መቀመጥ ፈለጉ። ጋሽ ነገሬ አላስቀመጧቸውም።

«እዚህማ ዓሣው ጋ መች ደረስን? ሽታው አይመጣልሽም?»

እውነትም ቀጣዩ ወንበር ላይ የተጠበሰ ዓሣ በወረቀት ተጠቅልሎ ተቀምጧል። እትዬ የሺእመቤት አሸተቱ።

«ትናንት ዓሣው እዚሁ ጋ ነበር።»

«ጠባሾቹ ለመንገድ ሥራ ተነሱ፤ ምን ላድርግ?»

ሴትየዋ ስለ ናፖሊ ማዘጋጃ ቤት ለሰሚ የሚከብድ ነገር አጉረመረሙ። ቀጥሎ ግን ያንን እንቢ ያለ እግር አነሱት። አሳረፉት። ሌላውን አስከተሉ። ጋሽ ነገሬ ወደ ኋላ ወደ ኋላ እየሄዱ፣ በግራ በኩል ያለውን ባለ ሰማያዊ በር ቤት እንዲያዩ ይጠቁማሉ፤ በግራ በኩል ያለው የዶሮ ቤት ነው። እትዬ የሺእመቤት ግን ዞር ብለው አዩት።

ሳላንኳኳ ተመለስኩ። ስንት ዓመት ጆሮዬን የበሉኝን ሰውዬ ያን ቀን ወደድኳቸው፤ ሌላ ቃል የለኝም። ዳዊ ምን ተገኘ ብሎ ሲጠብቀኝ፣ ካርታህ አሮጌ ነው አልኩት። የቀረውን ስነግረው ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ዝናቡ አባርቶ መስቀል ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፈተና ሁለቱ ጎን ለጎን ወደ ሱቁ መጡ። ጋሽ ነገሬ ደግፈዋቸው አልነበረም፤ አጠገባቸው ብቻ ነበሩ። እኛ ሰፈር ከሩቅ አገር የመጣን ሰው ሳይቀበሉት አይታለፍም። ሁላችንም ከየሱቃችን ወጣን። ወርቄ ገመዷን ከመንገዱ ላይ ሰበሰበችላቸው። እኔ እንኳን ደህና ገቡ አልኳቸው፤ ዳዊ ወንበር አቀረበላቸውና ናፖሊ እንዴት እንደነበር በአክብሮት ጠየቃቸው።

እትዬ የሺእመቤት አልሳቁም። ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ደረጃ ይበዛዋል» አሉ። «ዓሣው ግን ደህና ነው።»

ዳዊ ነገር ካልፈለገ አያድርም። ከባላቸው ወሬ ካልሆነ በቀር ደረጃ መብዛቱን እሳቸው በምን አወቁ ብሎ ጠየቀ። ጋሽ ነገሬ መልሱን ሊሰጡለት አፋቸውን ከፈቱ። ባለቤታቸው በእጃቸው ዝም አሰኟቸውና ከዘራቸውን መሬቱ ላይ ጠበቅ አድርገው ተከሉ።

«በእግሬ የረገጥኩት አገር ነው።»