የመካከለኛው ሰው ሶፋ

ለመካከለኛ ኑሮ ነዋሪዎች በመንግሥት ገንዘብ ቤት ይሠራ ተብሎ የተወሰነ ዕለት አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። የቀረችው አንዲት ትንሽ ጉዳይ ነበረች፦ መካከለኛ ማለት ማን ነው? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላልና፣ የተከበረው ምክር ቤት ሦስት ዓመት ብቻ ተከራከረባት። ገሚሱ «ለሀብታም ቤት አንሠራም» አለ። ገሚሱ «ለድሃ ብንሠራ በምን አቅሙ ይከፍላል?» አለ። በመጨረሻ ጥበብ ወረደችላቸው፤ መካከለኛ ማለት ሶፋ ያለው፣ ሶፋው ግን ከአንድ ያልበለጠ ሰው ነው ብለው ተስማሙ።

በአንድ ሰፈር ተከራይቶ የሚኖር የጂኦግራፊ መምህር ይህን ሰማ። አከራዩ «ቤቱን ለልጄ ፈልጌዋለሁ» ብለው እስከ ወሩ መጨረሻ ቀን ቆርጠውለታል። ከሚስቱና ከእናቷ ጋር የሚኖርባት ክፍል ደግሞ ሶፋ ቀርቶ አግዳሚ ወንበር አትችልም።

«ከፀጉር አስተካካዩ እንዋስ» አለች ሚስቱ።

ተዋሱ። በሩን ነቅለው ሶፋውን አስገቡ። አማቱ መቆሚያ ሲያጡ አልጋ ላይ ወጥተው ተቀመጡ።

ከምክር ቤቱ አባላት የተውጣጣው ሶፋ አጣሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ ገቡና ሶፋው ላይ ዘፍ ከማለታቸው ብድግ አሉ። የወጣ ሽቦ ወግቷቸዋል።

«የራስዎ ነው?»

«ከአያቴ የወረስኩት ነው» አለ መምህሩ፤ ውሸት ስላልለመደ ጆሮው ጋለ።

ሰብሳቢው በእርካታ ጻፉ። ምን ያደርጋል፣ የተከራይ ልብ አንድ ነውና ነርሷም፣ ልብስ ሰፊውም፣ ሹፌሩም ያንኑ ሶፋ ተውሰዋል። ኮሚቴው በፊት ለፊት ሲሄድ ሶፋው በጓሮ ይቀድመው ጀመር። አምስተኛው ቤት ላይ ሰብሳቢው ሊቀመጡ ካሉ በኋላ ትንሽ አሰቡና ወደ ቀኝ ፈቀቅ ብለው ተቀመጡ።

«ይቺን ሽቦ የማውቃት ይመስለኛል» አሉ።

ሪፖርቱ ምክር ቤቱን አስደሰተ። በሰፈሩ ያለው ሶፋ አንድ ከሆነ፣ መካከለኛውም ሰው አንድ ነው ማለት ነው። ለአንድ ሰው ደግሞ መንደር አይሠራም። የተረፈው በጀት በክርክር ለተጎዳው አዳራሽ አዳዲስ ሶፋ ተገዛበት። ምክር ቤቱ ግን ጨካኝ አይደለም፤ የአዳራሹን አሮጌ ሶፋዎች፣ ሶፋ ለሌላቸው አንዳንድ አድርጎ አደለ።

የመምህሩ ድርሻ የደረሰው በወሩ የመጨረሻ ቀን ነው፤ አከራዩ በሩን ቆልፈው፣ ዕቃው መንገድ ዳር ተከምሮ ሳለ። ሚስቱ ፍራሹን ተደግፋ ታለቅሳለች። ሰብሳቢው ዳግም ለማጣራት ብቅ አሉ።

«ሶፋ አንድ፤ ደግ። ቤቱስ የት ነው?»

«ቤት የለኝም እኮ ጌታዬ፣ ያመለከትኩት ለሱ ነው።»

«ሶፋ ኖሮት ቤት የሌለው ሰው?» መመሪያውን ገልበጥ ገልበጥ አደረጉ። «እንዲህ ያለ ሰው እዚህ ውስጥ የለም። ለምክር ቤቱ መቅረብ አለበት።»

መንገዱ አድክሟቸው ነበርና ሶፋው ላይ አረፍ አሉ። መደገፊያውን ዳበስ አድርገው ፈገግ አሉ።

«ይህማ የኔ ነው! ሦስቱን ዓመት ሙሉ የተቀመጥኩበት።»

አማቱ ዕቃው መሃል ቆመው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«እንግዲያው ልጄ፣ እንደለመድከው ተቀምጠህ ተከራከር» አሏቸው ሰብሳቢውን። «መቆሙን እኛ ለምደነዋል።»