የጋሼ ሙሉ ዋይፋይ

ምክር እየጠየቀ ምክር የማይቀበል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እዚህ ወልድያ ጎረቤቴ ጋሼ ሙሉ፣ ጡረተኛው መምህር፣ እንደዚያ ናቸው። ለዴስክቶፕ ኮምፒውተራቸው ዋይፋይ በምን እንደሚያስገቡ፣ ፍላሽ በምታክል የዋይፋይ መሰኪያ፣ ውስጡ በሚገጠም ካርድ ወይስ በስልክ፣ ሰፈሩን ሁሉ አማከሩ። መካሪ ደግሞ ቆሎ ሳይቀምስ አይወጣም። ሰለቸኝና መሰኪያዋን ገዝቼ ሰካሁላቸው። ወዲያው ሠራች።

"እግዜር ይስጥልኝ" አሉ ቅዝዝ ብለው።

ከዚያ ወዲያ በራቸውን የሚያንኳኳ ጠፋ። እሁድ ደወሉልኝ። "ልጄ፣ ዋይፋዩ እምቢ አለኝ።"

ስገባ መሰኪያዋ ተነቅላ ጠረጴዛው ላይ፣ ከሁለት ሰሃን ቆሎ አጠገብ ተቀምጣለች።

"ካርዱ ሳይሻል አይቀርም፤ ቁጭ በልና እንምከርበት" አሉኝ።

እኔንም ቤቴ የሚጠብቀኝ ሰው የለምና፣ ቁጭ ብዬ ካርዱን አጥብቄ ተቃወምኩ።