ሊቀ አራሚ ጌጡ

በየትኛውም ማኅበር፣ በየትኛውም ደቦ፣ የራሱን ሥራ ትቶ የሰው ሥራ የሚያርም አንድ ሰው አይጠፋም። አገር በጠላት ቢያዝ እንኳ አይጠፋም። በጣሊያን ጊዜ፣ ሞላሌ አጠገብ የኔታ አፈወርቅ ግቢ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ከሚማሩት መካከል ይህ ሹመት የጌጡ ነበር፤ ሊቀ አራሚ ጌጡ። የሾመው ራሱ ነው።

ከተማሪዎቹ አንዱ ቅጣው መልአክ መሳል ሲጀምር ጌጡ ከጀርባው ይቆማል። «አንዲት ጭረት ብቻ ጎደለችው» ይልና ከሰሉን ነጥቆ ክንፉን ያረዝመዋል። የጊዮርጊስን ፈረስ አምስተኛ እግር እስኪያወጣ ድረስ አርሞታል። የየኔታን ሥዕል ሊያርም ሲንጠራራም በመቋሚያ ቀምሷል። ቅጣው አንጀቱ እያረረ «ምነው ይህን ሰውዬ ጅብ በበላው» ይል ነበር።

የኔታ ደግሞ ለየት ያለ ልምምድ ይወዳሉ። አንዳንዴ በግራ እጅ ያስሏቸዋል። የዚያን ዕለት ግን፣ «የምትስሉበትን ሳንቃ አትዩ፣ ከሰሉንም ከላዩ አታንሡ። ዓይናችሁን ተራራው ላይ ትከሉና እጃችሁ የሚያውቀውን ያውጣ» አሏቸው።

ቅጣው ዓይኑን ወደ ሳንቃው ሲመልስ እጁ ያወጣውን አየ። የአቅራቢያው ምሽግ ጣሊያን ሹም ከነባለላባ ባርኔጣው ተስሏል። ፊቱ በጎን ነው፤ ዓይኑም አንድ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይን ይሳላል፤ አንድ ዓይን የይሁዳና የሰይጣን ነው።

ሊያጠፋው ሲል ውሻው ጮኸ። ሹሙ ራሱ ባንዶቹን አስከትሎ መሣሪያ ፍለጋ ገባ። አጠገቡ አስተርጓሚው ፈንታ አለ፤ ድቁና ጀምሮ የተወ፣ የሥዕሉን ሥርዓት አሳምሮ የሚያውቅ ሰው። በቅርቡ በአንዲት ሽለላ ብቻ ሰው ተሰቅሏል።

ሹሙ ሥዕሉ ላይ ባርኔጣውን አይቶ ፈገግ አለ። ፈንታ ግን አልሳቀም።

«ይኼ ዓይኑ ለምን አንድ ሆነ?» ሲል በቀስታ ጠየቀ።



«አንዲት ጭረት ብቻ ጎደለችው» አለ ጌጡ ከኋላ መጥቶ። «ገና አላለቀም፣ ጌታዬ። ይኼ ልጅ ዓይን አይሆንለትም፤ ሁልጊዜ የምጨርስለት እኔ ነኝ።»

ከሰሉን ከቅጣው ጣቶች መዘዘ። ጉንጩን ሰፋ አደረገና ሁለተኛውን ዓይን ከነቅንድቡ አስቀመጠ። ሹሙ ከጻድቃን ተቆጠረ።

ፈንታ ጌጡን ትክ ብሎ አየው። ጌጡ ቅንድቡን ማድመቁን ቀጠለ። ኋላ ፈንታ በጣሊያንኛ አንድ ነገር ተናገረ። ሹሙም ሳቀና ሳንቃውን አስይዞ ወጣ።

የፈረሶቹ ኮቴ ሲጠፋ ጌጡ ግድግዳውን ተደግፎ ዘጭ አለ። ከሰሉም ከእጁ ወደቀ።

«ጆሮውን ሳላስተካክለው ወሰደው» አለ።

ቅጣው ያን በከሰል የጠቆረ፣ ሰው የማያስቀምጥ እጅ በሁለት እጁ ይዞ ሳመው። ለካ ይህን ሰውዬ ይወደው ኖሯል።