ሮጠው የማያውቁት አሰልጣኝ

አዲስ አበባ ውስጥ አሰልጣኝ የሌለው ሰፈር የለም። መብራት የሚጠፋበት ይኖራል፣ ውሃ በፈረቃ የሚያገኝ ሞልቷል፣ አሰልጣኝ ያጣ ግን ታይቶ አይታወቅም። ማንም አልቀጠረውም፣ ማንም አልመረጠውም። ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ካየ ከመስመር ውጭ ቆሞ አሰላለፍ ይቀይራል። በጠዋት ሶምሶማ የሚሮጥ ካየ «ትንፋሽህን በአፍንጫ!» ብሎ ይጮኻል። ራሱ ሲሮጥ ያየው ግን የለም። ታክሲ ሊያመልጠው ሲል እንኳ ቆሞ በእጁ ነው የሚጠራው።

ከካዛንቺስ ወረድ ብሎ ባለው ኮንዶሚኒየም ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ክቡር አሰልጣኝ ጋሽ ወዳጆ ናቸው። ዕድሜያቸውን በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል አሳልፈው ጡረታ ወጥተዋል። ሰማያዊ ቱታ አላቸው፤ የቱታው ነጭ መስመር ሆዳቸው ጋ ሲደርስ መንገድ ይስታል። አንገታቸው ላይ በጫማ ክር የታሰረ ፊሽካ ይንጠለጠላል። ወታደር ሆነው አያውቁም። አንድ የአጎታቸው ልጅ ግን ወታደር ነበር፤ እሱ ያወራላቸውን ሁሉ ራሳቸው እንደኖሩት አድርገው ያወሩታል።

ስለዚህ ሉሊ ውትድርና መመዝገቧ በተሰማ ማግስት በሯን ያንኳኩት ጋሽ ወዳጆ መሆናቸው ማንንም አልገረመም።

ሉሊ ደምበል አካባቢ አንድ ካፌ ውስጥ ካሸር ነበረች፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ ትውል ነበር። ምልመላውን አልፋለች፤ ቁመቷም ክብደቷም ተለክቶ ብቁ ነሽ ተብላለች። የምትሄደው ሰኔ መጀመሪያ ላይ ነው። የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መመለስ። አምና ከዚያው ብሎክ ፍሬአብ የሚባል ልጅ ሰፈሩ ወደ ውትድርና ሥልጠና በእልልታ ሸኝቶት፣ ሩጫው ከብዶት ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ መጥቷል። ከዚያ ወዲህ በስሙ የሚጠራው እናቱ ብቻ ናት፤ ለሌላው ሰው «ደርሶ መልስ» ሆኗል። ሉሊ ደግሞ ሥራዋን ለቃለች፣ ለሁሉም ተናግራለች። ሁለተኛዋ ደርሶ መልስ ከመሆን መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትመርጣለች። ችግሩ ግን ወደ ቤቷ አራተኛ ፎቅ ስትወጣ ሁለት ጊዜ ታርፋለች።

«ነገ ንጋት ላይ እንጀምራለን» አሉ ጋሽ ወዳጆ በሩ ላይ ቆመው።

«ማለቴ ጋሼ፣ እኔ እኮ ጂም ልገባ አስቤ ነበር።»

«እዚያ ጂም የለም!»

እናቷ ወይዘሮ ጀማነሽ ከውስጥ ብቅ ብለው «እስኪ መጀመሪያ ይግቡና ሻይ ይጠጡ» አሏቸው።

«እዚያ ሻይም የለም!» ብለው ገብተው ጠጡ።

የጋሽ ወዳጆ ሥልጠና ከየት እንደተቀዳ አይታወቅም። ውሃ የሚመጣበት ቀን ሉሊ የብሎኩን ጀሪካኖች ስታመላልስ ትውላለች። «ይሄ ለትከሻ ነው!» ይላሉ። ብዙዎቹ ጀሪካኖች የራሳቸው መሆናቸውን ሉሊ ያወቀችው ዘግይታ ነው። የጎረቤታቸው የደጋጋ አሮጌ ላዳ መኪና ጠዋት ጠዋት ሳትገፋ አትነሳም። «ይሄ ደግሞ ለጭን ነው!» ደጋጋ መሪውን ይዞ በመስኮት አንገቱን ያወጣና «ግፊ የኔ እህት፣ ጠላት ዳገቱ ላይ ነው!» እያለ ይስቃል። ወፍጮ ቤት የሚሄድ ጤፍ ያለው ሰው ሁሉ ሉሊን እያሸከመ ለአገር መከላከያ አስተዋጽኦ አደረገ።

ዋናው ፈተና ግን መስቀል አደባባይ ነበር። ጎህ ሲቀድ ሯጮች በሚሞሉት እርከን ላይ ከአንዱ ጫፍ ተነስቶ እስከ ሌላው ጫፍ፣ ከዚያ አንድ እርከን ወጥቶ ተመልሶ፣ እንደገና አንድ እርከን ወጥቶ፣ እንዲህ እያሉ እስከ ላይ። «እሱን ሳትቆሚ ከጨረስሽ፣ እዚያም የሚመልስሽ የለም» አሏት። ራሳቸው ከታች ካርቶን አንጥፈው ይቀመጣሉ። ሉሊ መሐል ላይ ስትደርስ ጉልበቷ ይከዳትና ትቆማለች። ያኔ ፊሽካው ይነፋል።

«ማን ቁሚ አለሽ?»

ከእሳቸው ጋር ምንም የማይተዋወቁ ሯጮች ጭምር ደንግጠው ፍጥነት ይጨምራሉ።

ከፋሲካ በኋላ ነገሩ ተበላሸ። ጾሙ ሲፈታ ሰፈሩ ሉሊን መሸኘት ጀመረ። «ከመሄድሽ በፊትማ እኛ ቤት ሳትቀምሺ አትሄጂም!» የማይል ጎረቤት ጠፋ። ዛሬ ዶሮ፣ ነገ ጥብስ፣ በሦስተኛው ቀን ክትፎ። የልጅቷ ጉንጭ ሞላ፣ ሱሪዋ አልቆለፍ አለ። እርከኑ ላይ ቀድሞ ከምትቆምበት ብዙ ዝቅ ብላ መቆም ጀመረች።

«በጠዋት በላብ ያወጣሽውን ከሰዓት በወጥ ትመልሺዋለሽ!» ብለው ተቆጧት ጋሽ ወዳጆ።

«ታዲያ እንዴት እምቢ ልበል ጋሼ? እትዬ ተናኘወርቅ እኮ ለእኔ ብለው ነው ያረዱት። ገና ዩኒፎርም ሳትለብስ ኮራች ይሉኛል።»

ጋሽ ወዳጆ ነገሩን በአዋጅ ሊያስቆሙ ተነሱ። የወይዘሮ ተናኘወርቅ በር ላይ ቆመው ፊሽካ ነፉ። «ከዛሬ ጀምሮ ለሠልጣኟ ምግብ ማቅረብ ክልክል ነው!»

«አንተ ወዳጆ፣ ልጅቷ በረሃብ ትሂድ ነው የምትለው?» አሉ ወይዘሮ ተናኘወርቅ ጭልፋቸውን እንደያዙ። «ፊሽካህን ይዘህ ወዲያ በል!»

ክቡር አሰልጣኙ አፈገፈጉ። በማግስቱ ግን አዲስ ስልት ይዘው መጡ። ሉሊ በተጠራችበት ቤት ሁሉ ሳይጠሩ ይገኛሉ። ትሪው ላይ ከእሷ ጋር ትከሻ ለትከሻ ይቀመጣሉ። የቤቱ እመቤት ውሃ ልታመጣ ዞር ስትል የዶሮው እግሩም ፈረሰኛውም ከሉሊ ፊት ወደ እሳቸው ፊት ይሻገራል። ለሉሊ የተጠቀለለ ጉርሻ መንገድ ላይ ሳለ «መጀመሪያ ለአሰልጣኝ!» ብለው አፋቸውን ይከፍታሉ። አብሳዮቹ ትሪው ባዶ ሆኖ ሲያዩ ደስ ይላቸዋል። ሉሊም ሰው ሳታስቀይም፣ እምብዛም ሳትበላ ትነሳለች።

ሰፈሩ ግን ማማት ጀመረ። «ሰውዬው ያሠለጠነው ለሆዱ ነው እንዴ?» አለ ደጋጋ። ሉሊም ባትናገረውም ሳትጠረጥር አልቀረችም። ጋሽ ወዳጆ የወይዘሮ ተናኘወርቅን ዶሮ ሲግጡ ፊታቸው ላይ የነበረው ደስታ በግዴታ የመጣ አይመስልም ነበር።

ግንቦት ማለቂያ ላይ አንድ ጠዋት ፊሽካው አልተሰማም። ሉሊ ቤታቸው ሄዳ አንኳኳች። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሎሚ በሩን ከፈቱላት።

«ግቢ፣ ግቢና ጉዱን እዪ። ሪህ አለበት። ሐኪሙ ሥጋ አትንካ ካለው ዓመት አልፎታል። እኔ እዚህ ሽሮና ጎመን እያበላሁ፣ እሱ የሰው ቤት ሄዶ ያንቺን ዶሮ ይውጥልሻል!»

ጋሽ ወዳጆ አልጋ ላይ ናቸው። ቀኝ እግራቸው ትራስ ላይ ተሰቅሏል፤ አውራ ጣታቸው ቲማቲም መስሏል። አንሶላው ሲነካቸው እንኳ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ፊሽካው አንገታቸው ላይ እንዳለ ነው።

«ለምን አልነገሩኝም ጋሼ?»

«ምን ብዬ? እዚያ አንቺን ተክቶ የሚበላ የለም። እዚህ እስካለሽ ድረስ ግን አለ።» ከዚያ በቶሎ ፊታቸውን አኮሳተሩ። «አሁን ምን ትሠሪያለሽ እዚህ? ነግቷል እኮ! ሂጂ!»

ሉሊ ብቻዋን ሄደች። አዲሱን ሰፊ የእግረኛ መንገድ ይዛ በእስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን በኩል ወርዳ እርከኑን ጀመረች። ከታች ካርቶን ላይ የተቀመጠ ሰው የለም። እስከ መሐል ሮጠች። ከመሐልም ትንሽ አለፈች። ከዚያ ጉልበቷ የለመደውን አደረገ። ዙሪያዋን ብታይ ማንም ልብ አላላትም። መቆሟን የሚያይ ከሌለ፣ ቁጭ ብትልስ ማን ያውቃል? ስልኳን አወጣች።

«ቆምኩ፣ ጋሼ።»

ወዲያው ከስልኩ የወጣው ፊሽካ አጠገቧ ሰውነቱን ሲያፍታታ የነበረውን ሰው አስዘለለው።

«ማን ቁሚ አለሽ?»

የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ ኪሷ ውስጥ ከተተችውና እንደገና መሮጥ ጀመረች። ፊሽካው ከኪሷ ሳያቋርጥ ይነፋል። መሐል መሐል ላይ የወይዘሮ ሎሚ ድምፅ ይሰማል፤ «አንተ ሰውዬ፣ ጎረቤት ተኝቷል እኮ!» አንድ እርከን፣ እንደገና አንድ እርከን። የመጨረሻው ላይ ስትደርስ ከላይ የሚቀራት አልነበረም። መናገር አቅቷት ስልኩ ላይ ብቻ አለከለከች።

«በአፍንጫ!» አሉ ጋሽ ወዳጆ።

የመሸኛው ቀን አውቶቡሱ ክፍለ ከተማው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ቆሞ ነበር። ብሎኩ በሙሉ መጥቷል። ወይዘሮ ተናኘወርቅ በፌስታል ቋንጣ ይዘዋል። የደጋጋ ላዳ እየተገፋች ደረሰች፤ ከኋላ የሚገፋው ፍሬአብ ነው። ከውስጥ «ይሄ ለጭን ነው!» የሚል ድምፅ ይሰማል። ጋሽ ወዳጆ ሲወርዱ በግራ እግራቸው ጫማ፣ በቀኝ እግራቸው ነጠላ ጫማ አድርገዋል።

«ደርሶ መልስ፣ አንተም ጀመርክ?» አለችው ሉሊ።

«ባክሽ ተይኝ፣ ትናንት ስንት ጀሪካን እንዳሸከሙኝ ብነግርሽ» አለ ፍሬአብ ላቡን እየጠረገ።

ጋሽ ወዳጆ ፊቷ ቆሙ። እንደ ልማዳቸው ጣታቸውን ቀስረው «እዚያ…» ብለው ጀመሩ። ጣታቸውን አጠፉት፤ ፊሽካውን ነካ ነካ አደረጉና ወደ አውቶቡሱ ጎማ ማየት ጀመሩ።

«አውቃለሁ ጋሼ» አለች ቀስ ብላ። «እዚያ ጋሽ ወዳጆ የለም።»

«ግቢ፣ ግቢ፣ ሰው አታስጠብቂ!» አሉ በቁጣ።

አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። ሉሊ በመስኮት ለእናቷ እጇን እያወዛወዘች ሳለ ከተሸኚዎቹ ወላጆች መሐል አንድ ሰማያዊ ቱታ ተነጥሎ ወጣ። ጋሽ ወዳጆ ፊሽካቸውን አፋቸው ውስጥ አድርገው፣ አንዱን እግር በጫማ፣ ሌላውን በነጠላ ጫማ እየጎተቱ፣ ከአውቶቡሱ ጎን ለጎን ይሮጣሉ። ዘመናቸውን በሙሉ ሲሮጡ ሰው አላያቸውም፤ አሁን ሰፈሩ ሁሉ አያቸው። ወይዘሮ ሎሚ ከኋላ «እግርህን!» ብለው ጮኹ። ነጠላ ጫማው አመለጣቸው፤ አስፋልቱ ላይ በባዶ እግራቸው ጥቂት እንደተራመዱ የመብራት ምሰሶውን ደገፍ ብለው ቆሙ። ትንፋሻቸው በአፋቸው ነው።

ሉሊ እስከ ወገቧ በመስኮት ወጣች።

«ጋሽ ወዳጆ!» ብላ ጮኸች። «ማን ይቁሙ አለዎት?»