የመሬት ሽቦና የጫልቱ መዝሙር

ቤት የሚቆመው በሲሚንቶ ነው ብላችሁ የምታምኑ ካላችሁ፣ ናዝሬት ብቅ ብላችሁ ተመልከቱ። ከሲሚንቶ ይልቅ ብዙ ነገር ደግፎ ያቆመው «ለጊዜው» የሚባለው ቃል ነው። የግቢው በር ለጊዜው በሽቦ ይታሰራል፤ ሽቦው ይዝጋል፣ ልጆች አድገው ይዳራሉ፣ ለጊዜው ግን እዚያው ነው። ይህን ቃል አልነቅፍም። እንዲያውም አምፕሊፋየር ሠርቼበታለሁ።

ባለቤቴ ጫልቱ ድምፅ አላት። ድምፅ ስላችሁ እኔን የምትገሥጽበትን ማለቴ አይደለም፤ እሱ ማጉያ አያሻውም። መዝሙሯን ነው። ግን ታፍራለች፤ በሰው ፊት ዘምራ አታውቅም። ከስንት ልመና በኋላ፣ እሁድ ከሰዓት እኛ ቤት በሚደረገው የጸሎት ኅብረት ለመጀመሪያ ጊዜ ልትዘምር ቃል ገባች። እኔም «ማይኩን ግዢ፣ አምፕሊፋየሩን ለእኔ ተዪው» አልኳት። ሰው ሚስቱን በልዩ ልዩ መንገድ ይወዳል፤ እኔ በብየዳ ነው።

ሳጥኑን ከአሮጌ ኮምፒውተር ወሰድኩ፤ ብረት ነው። ትራንስፎርመሩ፣ ማለትም የግድግዳውን ኮረንቲ ለመሣሪያው በሚስማማ ልክ የሚቀንሰው የብረትና የመዳብ ጓል፣ እንደ ጡብ ይከብዳል። በብሎን ነው የሚታሰረው። ብሎን ግን ቀዳዳ ይፈልጋል፣ ቀዳዳ መሰርሰሪያ ይፈልጋል፣ መሰርሰሪያው የጎረቤቴ ነው፣ ጎረቤቴ ደግሞ ሶደሬ ፍል ውኃ ውስጥ ነው። ስለዚህ ለጊዜው በማጣበቂያ። ገመዱ የሚገባበት ቀዳዳ ጠርዙ እንደ ምላጭ ነው፤ ጎማ መልበስ ነበረበት። ለጊዜው ራቁቱን ይቆይ። ገመዱን ስልጠው ደግሞ ሦስት ሽቦ አገኘሁ። ሁለቱ ሥራ አላቸው። ሦስተኛው፣ ቢጫና አረንጓዴ የለበሰው፣ ከሳጥኑ ብረት ጋር ተያይዞ ያመለጠ ኮረንቲ ወደ መሬት የሚሸኝ ነው። በጥሞና አሰብኩበት። ያለ እሱም ይዘምራል።

ቆረጥኩት።

እሁድ ደረሰ። ሰብሳቢያችን ኦቦ ተሰማ ከፊት ተቀመጡ። ጫልቱ ታጥቦ ገና ካልደረቀው የሲሚንቶ ወለል ላይ በባዶ እግሯ ቆመች። ለካ ትራንስፎርመሩ የናዝሬትን ሙቀት በራሱ ሙቀት ላይ ደርቦ ማጣበቂያውን አቅልጦት ኖሯል፤ ሲንሸራተት ገመዱን ይዞት ሄደ፣ ገመዱም በቀዳዳው ጠርዝ ተላጠ፣ ሳጥኑ በሙሉ ኮረንቲ ሆነ። ይህን የተረዳሁት ኋላ ስከፍተው ነው። ያኔ ያየሁት ጫልቱ ማይኩን ስታነሣ ብቻ ነው።

«ኡኡ!» ብላ ዘለለች። ማይኩ ወዲያ፣ ነጠላዋ ወዲህ።

«ሃሌሉያ!» አሉ ኦቦ ተሰማ ብድግ ብለው። ቤቱ በእልልታና በጭብጨባ ተናጋ። ወደ ሶኬቱ የሮጥኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

እንግዶቹ ሲወጡ ጫልቱ ወደ እኔ ዞረች።

«አንተ ሰውዬ፣ ልትቀብረኝ ነው እንዴ?»

«ትንሽ ነዘር አደረገሽ እንጂ...»

«ትንሽ? እሺ፣ ልሰካው፤ ማይኩን አንተ ያዘው!»

እምቢ አልኩ። ስለ ሥራዬ ጥራት ከዚያ የበለጠ ምስክርነት ሰጥቼ አላውቅም።

«ሁለተኛ አልዘምርም» አለች። ከኮረንቲው ይልቅ ይህ ያዘኝ።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ እኔም ለቀማዬን ጀመርኩ። መሰርሰሪያው ከነባለቤቱ ከሶደሬ ተመለሰ። ትራንስፎርመሩ በብሎንና በዳዶ ጥርቅም ተደርጎ ታሰረ፣ ቀዳዳው ጎማ ለበሰ፣ ገመዱ ቢጎተት እንዳይላቀቅ ከውስጥ ተያዘ፣ ፊውዝ ገባለት። ያ የናቅሁት ሽቦም የሳጥኑ ቀለም ተፍቆለት፣ ብረት ለብረት፣ የራሱ ብሎን ተሰጠው። የግድግዳው ሶኬት በእውነት ከመሬት ጋር መገናኘቱንም በባለሙያ አስፈተሽኩ። ጫልቱ ግን በወሬ አታምንም። ወለሉን አጥባ፣ በባዶ እግሬ አቁማ፣ ማይኩን አስያዘችኝ። መዝሙር እስክትመርጥ ድረስ ቆምኩ። የመረጠችው ረጅም ጊዜ ወስዳ ነው።

በቀጣዩ እሁድ ዘመረች። ድምፅዋ ጥርት ብሎ ወጣ፤ አምፕሊፋየሩም የዝንብ ያህል እንኳ እዝዝ አላለም። እንባዬ መጣ። ቤቱ ግን በጨዋ ደንብ «አሜን» ብቻ አለ።

ኦቦ ተሰማ ሲወጡ በሩ ላይ ጎተት አደረጉኝ።

«ልጄ፣ ጫልቱ ደኅና ናት?»

«ደኅና ናት ኦቦ፤ ምነው?»

«አይ፣ ድምፁስ ያምራል። ያለፈው እሁድ ግን እሳት ወርዶ ነበር። ዛሬ ምን ጎደለ?»

«ምንም አልጎደለም፤ እንዲያውም አንድ ሽቦ ጨምረናል።»

ጥቂት አሰቡና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ምነው ባይጨመር» አሉና ጫማቸውን ፍለጋ ሄዱ።